አየሩን የሚካፈሉ ኮሚቴዎች

አንድ ገመድ አልባ መሣሪያ መልእክቱን በፍጥነትና ያለ ስህተት ሲያደርስ ስታንዳርዱ መልካም ነው እንላለን። ይህ ፍርድ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ያያል። የሬዲዮ ሞገድ የጎረቤትን ወሰን አያውቅም፤ ከአንዱ ቤት የወጣው ሌላው ቤት ይገባል፤ ለአንዱ መልእክት የሆነው ለሌላው ረብሻ ይሆናል። ሁለት ኮሚቴዎች ለየብቻቸው እንከን የማይወጣለት ሰነድ ጽፈው፣ በሰነዶቹ መሠረት የተሠሩት መሣሪያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ግን ሁለቱም ሊሽመደመዱ ይችላሉ። ስለዚህ የገመድ አልባ ስታንዳርድ ጥራት በሰነዱ ውስጥ ተሟልቶ አይገኝም፤ የሚፈተነው በዚያው አየር ላይ ካለው ሌላ ስታንዳርድ ጋር ሲኖር ነው። ይህ ምዕራፍ የሚከራከርለት ነጥብ አንድ ነው፦ እነዚህን ስታንዳርዶች የሚያወጡ ኮሚቴዎች አንድ መሆን አያስፈልጋቸውም፤ ነገር ግን ስታንዳርዱ ከመጽደቁ በፊት፣ በጽሑፍና በጋራ መለኪያ ላይ ቆመው እርስ በርስ የመጠያየቅና የመመላለስ ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባል። ከሦስቱ፣ ማለትም ከጊዜው፣ ከጽሑፉና ከጋራ መለኪያው፣ አንዱ ሲጓደል ምን እንደሚከተል ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ደጋግመው አሳይተዋል።

ነገሩ የሚነሳው ከአንድ የመንግሥት ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ሦስት የሞገድ ክልሎችን፣ ከእነሱም መካከል 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያለውን፣ ጉልበታቸውን በሰፊ ሞገድ ላይ ለሚበትኑ የመገናኛ መሣሪያዎች ያለ ግል ፈቃድ ክፍት አደረገ። ክልሎቹ ቀድሞም ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች የተተዉ ነበሩ፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በዚያው በ2.4 ነው። ፈቃድ አለመጠየቁ ለፈጠራ ትልቅ በር ከፈተ። ውሳኔው ግን ሌላ መዘዝም ነበረው። ፈቃድ የገዛ ኩባንያ ሞገዱ ሲረበሽበት ለመንግሥት አቤት ይላል፤ ያለ ፈቃድ የሚጠቀም ግን የሚመጣበትን ረብሻ ችሎ የመኖር ግዴታ አለበት። ሕጉ የመጠቀም መብት እንጂ ያለመረበሽ መብት አልሰጠውም። እንግዲህ ባለፈቃዱና መንግሥት ተካፍለው ይወጡት የነበረው የማስታረቅ ሥራ ባለቤት አጣ። ሥራው የወደቀው ማንም በሕግ ባልሾማቸው የኢንጂነሮች ኮሚቴዎች ትከሻ ላይ ነው።

ከኮሚቴዎቹ የመጀመሪያው የአይትሪፕልኢ 802 ኮሚቴ ክንፍ ነው። አይትሪፕልኢ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነሮች ማኅበር ሲሆን፣ 802 የተባለው ኮሚቴው በየካቲት 1980 ሥራ ጀምሮ የኮምፒውተር መረብ ስታንዳርዶችን ያወጣል። 802.11 የተሰኘው የሥራ ቡድኑ በ1990 ተቋቁሞ፣ በሆላንዳዊው ኢንጂነር ቪክ ሄይስ ሰብሳቢነት ለአሥር ዓመት ተመራ። በ1997 በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚደርሰውን የመጀመሪያ ስታንዳርድ፣ በ1999 ደግሞ 11 ሜጋቢት የሚደርሰውን አወጣ፤ ዛሬ ዋይፋይ የምንለው ይህ ነው። በ1998 ኤሪክሰን፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ኖኪያና ቶሺባ ብሉቱዝ የሚባል ሌላ ነገር ለመሥራት ማኅበር መሠረቱ። ዓላማቸው ከዋይፋይ ጋር መፎካከር አልነበረም። ስልክን ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ያለ ገመድ ማገናኘት ፈለጉ፤ ለዚህም ርካሽ፣ ባትሪ የማይጨርስ፣ አጭር ርቀት የሚሄድ ሬዲዮ አስፈለጋቸው። ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ሁለቱም ያለ ፈቃድ የሚገቡበትን 2.4 ጊጋኸርዝ መረጡ።

የተፈጠረውን ግጭት በቁጥር መመልከት ይጠቅማል፤ ችግሩ ያለው በጠባዮቹ ልዩነት ላይ ነውና። በ1999ኙ ስታንዳርድ ዋይፋይ 22 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው አንድ ቻናል ይይዝና እዚያው ይቀመጣል፤ ከመናገሩ በፊትም ያዳምጣል። ብሉቱዝ ግን ሳያዳምጥ፣ 1 ሜጋኸርዝ ስፋት ባላቸው 79 ቻናሎች ላይ በሴኮንድ 1,600 ጊዜ ይዘላል። 22ን ለ79 ስናካፍል፣ በአቅራቢያው አንድ ዋይፋይ ቢኖር ከብሉቱዝ ዝላዮች 28 ከመቶ ያህሉ የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። ብሉቱዝ በአንድ ቻናል ላይ በመደበኛ አሠራሩ የሚቆየው 625 ማይክሮሴኮንድ ሲሆን፣ ዋይፋይ በ11 ሜጋቢት ፍጥነት ረጅሙን የተለመደ መልእክት ለመላክ ከአንድ ሚሊሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። አንዱ መልእክት አልቆ ሳይወጣ ብሉቱዙ ሁለት ጊዜ የመምታት ዕድል አለው ማለት ነው። የባሰው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መልእክቱ የጠፋበት ዋይፋይ ሞገዴ ደክሟል ብሎ ይገምትና፣ ለደካማ ሞገድ መፍትሔ የሆነውን እርምጃ ወስዶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ያው መልእክት አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ የረዘመ መልእክት ደግሞ ይበልጥ ይመታል። በአንደኛው ኮሚቴ ሰነድ ውስጥ ብልህ የነበረው መድኃኒት፣ የሌላኛው ኮሚቴ ሰነድ ባለበት ክፍል ውስጥ በሽታውን አባባሰው። ከሁለቱ ወገን ኢንጂነሮች አንዱም አልተሳሳተም። ስህተቱ የተቀመጠው በሁለቱ ሰነዶች መካከል፣ ማንም ባልጻፈው ገጽ ላይ ነው።

ያንን ገጽ ለመጻፍ አራት ዓመት ገደማ ፈጀ። አይትሪፕልኢ በ1999 የአጭር ርቀት ሬዲዮዎችን የሚከታተል 802.15 የተባለ የሥራ ቡድን አቋቋመ፤ ከቡድኑ ሥራዎች አንዱ ብሉቱዝን ወደ አይትሪፕልኢ ስታንዳርድነት ማምጣት ሲሆን፣ ሌላው ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረው የሚኖሩበትን መንገድ መፈለግ ነበር። ይህ ሁለተኛው ሥራ 802.15.2 በሚል ስም በ2003 የምክር ሰነድ ሆኖ ወጣ። ሰነዱ ሁለት ዓይነት መፍትሔ ለየ። አንደኛው ሁለቱ ሬዲዮዎች አንድ መሣሪያ ውስጥ ሲሆኑ በውስጥ መስመር ተነጋግረው ተራ የሚይዙበት ነው። ሁለተኛው ሳይነጋገሩ የሚተላለፉበት ነው፤ ብሉቱዝ የተያዙትን ቻናሎች በልምድ እየለየ ከዝላዩ ዝርዝር ያወጣቸዋል። ይህ የመጨረሻው ብልሃት በ2003 በወጣው ብሉቱዝ 1.2 ውስጥ ገባ። ነገር ግን ኢንጂነሮቹ መስማማታቸው ብቻውን አይበቃም ነበር። የአሜሪካ ደንብ በዚህ ክልል የሚዘል መሣሪያ ቢያንስ 75 ቻናል እንዲጠቀም ያስገድድ ስለነበር፣ ከዋይፋይ መሸሽ ራሱ ሕግ መጣስ ይሆን ነበር። ተቆጣጣሪው በ2002 ቁጥሩን ወደ 15 ዝቅ ካደረገ በኋላ ነው መንገዱ የተከፈተው። እስከዚያ ድረስ የተሸጡት መሣሪያዎች ግን በነበሩበት ቀሩ፤ በሰው እጅ ያለ ሬዲዮ በስብሰባ ውሳኔ አይለወጥም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። ብሉቱዝ የሚያዳምጥበት ወይም ቻናል የሚመርጥበት ዘዴ መጀመሪያ ቢታሰብበት ወጪው ጥቂት የስብሰባ ቀናት በሆነ ነበር።

በጊዜ የተደረገ ንግግር ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ምሳሌም በዚያው ዘመን አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ አሜሪካውያን የሚበዙበት 802.11 አንድ ስታንዳርድ፣ የአውሮፓው የቴሌኮም ስታንዳርድ ተቋም ኤትሲ ደግሞ ሃይፐርላን 2 የተባለ ሌላ ስታንዳርድ ያዘጋጁ ነበር። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ የኔትወርኩን አመራርም በተመለከተ አስተሳሰባቸው ተቃራኒ ነበር። 802.11 እያንዳንዱ መሣሪያ አዳምጦ በራሱ እንዲወስን ሲፈቅድ፣ ሃይፐርላን 2 ማዕከሉ ለሁሉም ተራ እንዲያድል ያደርጋል። በዚህ አልተስማሙም። የሬዲዮውን ሥረ መሠረት ግን ገና በረቂቅነቱ ሳሉ አቀራረቡት፦ ሁለቱም 20 ሜጋኸርዝ ቻናል፣ ሁለቱም በ52 ንዑስ ሞገዶች የሚከፋፈል አንድ ዓይነት አላላክ ያዙ። ሃይፐርላን 2 በገበያ አልቀናውም። ንግግሩ ግን ከተነጋጋሪው በላይ ዕድሜ አገኘ። አውሮፓውያኑ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ከሚሠሩ ራዳሮች ጋር ለመኖር የጠየቁት፣ ራዳር ሲሰማ ቻናል የመልቀቅና ኃይልን የመቀነስ ችሎታ፣ በ2003 802.11ኤች በተባለው ማሻሻያ ወደ ዋይፋይ ገባ። በዚያው ዓመት የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ በጄኔቭ የ5 ጊጋኸርዝን ክልሎች ለእንዲህ ያለ ኔትወርክ ሲፈቅድ፣ መሣሪያዎቹ ለራዳር ቦታ እንዲለቁ ማድረግ የሚቻል መሆኑ የስምምነቱ ምሰሶ ሆነ።

ይህን የሚያነብ ሰው፣ ታዲያ ሁሉንም ወደ አንድ ኮሚቴ ለምን አናስገባቸውም ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሰዎች ይስማማሉ የሚለው ግምት ግን በተግባር አልጸናም። በዚያው በ802.15 ውስጥ፣ እጅግ ሰፊ ሞገድ ለሚጠቀም ፈጣን የአጭር ርቀት ሬዲዮ 802.15.3ኤ የተባለ ንዑስ ቡድን ተቋቁሞ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ሁለት ጎራዎች ተፈጠሩ። ለመጽደቅ የሚያስፈልገው 75 ከመቶ ድምፅ ሆኖ ሳለ ከሁለቱ ጎራዎች የትኛውም ሊያገኘው አልቻለም፤ ከዓመታት ክርክር በኋላ በጥር 2006 ቡድኑ ሥራው እንዲቋረጥ ወሰነ። ሰዎቹ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ደንብ፣ በአንድ ሰብሳቢ ሥር ነበሩ። የጎደላቸው ጣሪያ አልነበረም። በአንጻሩ የ5 ጊጋኸርዝ ተወዳዳሪዎች በሁለት አህጉር ተቀምጠው፣ የሚለያዩበትን ትተው የሚጋሩትን ለይተው ተስማሙ። አስገድዶ ማዋሃድ እያንዳንዱን ልዩነት ድምፅ ወደሚሰጥበት ጦርነት ይለውጠዋል። መለያየትን ጠብቆ መጠያየቅ ግን ልዩነቱን ባለበት ትቶ፣ አየሩን የሚነካውን ክፍል ብቻ ለድርድር ያቀርባል። የጆሮ ማዳመጫ፣ የቢሮ ኔትወርክና የሞባይል ስልክ ፍላጎት የተለያየ ነውና ኮሚቴዎቹም መለያየታቸው ተገቢ ነው።

የጋራ መለኪያ የሌለው ንግግር ምን ያህል እንደሚያደናግር ያሳየው ደግሞ የሞባይል ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ ወደሚሠራበት 5 ጊጋኸርዝ የመጡበት ጊዜ ነው። በ2014 ቬራይዞን ከአልካቴል ሉሰንት፣ ከኤሪክሰን፣ ከኳልኮምና ከሳምሰንግ ጋር ኤልቲኢ-ዩ የተባለውን አሠራር የሚያዘጋጅ መድረክ አቋቋመ፤ መድረኩ የዓለም የሞባይል ስታንዳርዶች ከሚወጡበት ከስሪጂፒፒ ውጭ ነበር። ኤልቲኢ-ዩ አንድ ቻናል ላይ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈትና ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋል፤ እያንዳንዱን ንግግር የሚጀምረው አዳምጦ አይደለም። ስሪጂፒፒ በበኩሉ በ2016 ባጠናቀቀው 13ኛ እትሙ ኤልኤኤ የተባለውን አወጣ፤ ይህኛው እንደ ዋይፋይ አዳምጦ፣ በዕጣ የደረሰውን ጊዜ ጠብቆ ነው የሚናገረው። ኤልኤኤ ሲረቀቅ አይትሪፕልኢ 802 እና ስሪጂፒፒ ደብዳቤ ይጻጻፉ ስለነበር ከዋይፋይ ወገን የመጡ ጥያቄዎች በረቂቁ ላይ መልስ ያገኙ ነበር። ኤልቲኢ-ዩ ግን ጥያቄውን የሚቀበል ኮሚቴ አልነበረውምና፣ ክርክሩ ወደ ተቆጣጣሪው ደጅና ወደ ጋዜጣ ወጣ። የዋይፋይ ኩባንያዎች ኅብረት የሁለቱን አብሮ መኖር የሚፈትሽ የሙከራ መመሪያ በመስከረም 2016 እስኪያወጣ፣ የአሜሪካው ኮሚሽን የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች በየካቲት 2017 እስኪፈቅድ ድረስ ነገሩ በውዝግብ ቆየ።

በደብዳቤ የተመላለሱትም ቢሆኑ በአንድ ቁጥር ላይ ተጣብቀው ቀሩ፤ ይህ ቁጥር የጋራ መለኪያን አስፈላጊነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አዳምጦ መናገር ሲባል ምን ያህል ለስለስ ያለውን ድምፅ ሰምቶ ዝም ማለት ነው? የሞገድ ጉልበት በሚለካበት በዲቢኤም ሲቆጠር፣ ዋይፋይ የራሱን ወገን ምልክት ሲያውቅ እስከ 82 ከዜሮ በታች ድረስ የደከመውን ሰምቶ ይጠብቃል፤ ማንነቱን ላላወቀው ሞገድ ግን የሚጠብቀው 62 ከዜሮ በታች ሲደርስ ነው። በዚህ አቆጣጠር የ10 ልዩነት አሥር እጥፍ፣ የ20 ልዩነት መቶ እጥፍ ነውና፣ ዋይፋይ ለባዕድ ዝም የሚለው ድምፁ ለወገን ከሚጠብቀው መቶ እጥፍ ሲበረታ ነው። ኤልኤኤ መሐሉን፣ 72 ከዜሮ በታችን ያዘ። ከዚህ የተነሣ 78 ከዜሮ በታች ሆኖ የሚደርስ የዋይፋይ ድምፅ ሌላ ዋይፋይን ዝም ያሰኛል፣ ኤልኤኤን ግን አያግደውም። 68 ከዜሮ በታች ሆኖ የሚደርስ የኤልኤኤ ድምፅ ደግሞ ሌላ ኤልኤኤን ዝም ሲያሰኝ ዋይፋይን አያግደውም። ሁለቱም ወገን ጎረቤቴ አይሰማኝም ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስሪጂፒፒ በተራው አዲሱ የዋይፋይ ትውልድ ወደ 72 እንዲወርድ ጠየቀ፤ 802.11 በቀድሞ ዋይፋይ መሣሪያዎች አጠገብ አዲሱ ይጎዳል ብሎ አልተቀበለም። ጥቅም እንዳጋጫቸው አይካድም። ግን ክርክሩን ያደነደነው ፍትሐዊ መካፈል ምን ማለት እንደሆነ፣ በየትኛው ሙከራ እንደሚረጋገጥ አስቀድሞ አለመስማማታቸው ነው። መለኪያው የአንዱ ወገን ከሆነ ውጤቱም የዚያ ወገን ይሆናል።

ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ገበያው ራሱ ይፈርዳል የሚል ነው፤ የሚረብሽ ዕቃ አይሸጥም ይላሉ። ገበያ የሚቀጣው ግን ሸማቹ ያወቀውን ጥፋት ነው። ቪዲዮው የተቆራረጠበት ሰው የጎረቤቱን አሠራጭ አያይም፤ የራሱን ዕቃ ወይም የኢንተርኔት አቅራቢውን ነው የሚወቅሰው። ጥፋቱን የሠራውና ዋጋውን የሚከፍለው ሲለያዩ ገበያ ዳኝነቱን ያጣል። ሁለተኛው፣ ተቆጣጣሪው መንግሥት ሁሉንም ይደንግግ የሚል ነው። ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፤ የራዳሩ ጉዳይ ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ነገር ግን ዝርዝር የአሠራር ሕግ ቴክኖሎጂን ባለበት ያደርቃል፤ በብሉቱዝ ላይ የ75 ቻናሉ ደንብ መፍትሔውን ራሱን እንደከለከለ አይተናል። ተቆጣጣሪው ወሰኑን ቢያበጅና ኮሚቴዎቹ እንዲመላለሱ ግድ ቢል ይበቃዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። መጠያየቅ ያዘገያል፤ ከዚያም አልፎ ቀድሞ የገባው አዲሱን የሚያግድበት መሣሪያ ይሆናል ይላል። ዋይፋይ ራሱ አንድ ቀን አዲስ ገቢ ነበር፤ ነባር ተጠቃሚዎች ሁሉ ይፍቀዱ ቢባል ኖሮ ምናልባት አይወለድም ነበር። ፍርሃቱ እውነት አለው፤ መልሱ ያለው በግዴታው ዓይነት ላይ ነው። የመመለስ ግዴታ የመታዘዝ ግዴታ አይደለም። ስሪጂፒፒ ለ802.11 ጥያቄ መልስ ሰጠ እንጂ በ72 ቁጥር አልተንበረከከም፤ 802.11ም እንዲሁ። ደብዳቤው የእግድ ኃይል የለውም፤ ያለው ኃይል ምክንያትን በአደባባይ የማስጻፍ ኃይል ነው። አይትሪፕልኢ 802 ይህን ወደ ደንብ ቀይሮታል፦ አዲስ ገመድ አልባ ሥራ የሚጀምር ቡድን በዚያው ሞገድ ካሉት ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያስረዳ የምዘና ሰነድ ማዘጋጀት አለበት፤ 802.19 የተባለውም ቡድን ሥራው ይኸው አብሮ መኖር ነው። መዘግየቱን በተመለከተ፣ ኤልኤኤ እየተጠየቀ ሄዶ በ2016 ሲጠናቀቅ፣ ሳይጠየቅ የወጣው ኤልቲኢ-ዩ የመጀመሪያ ፈቃዱን ያገኘው በ2017 ነው። አቋራጩ አላሳጠረም።

በእርግጥ ደብዳቤ ብቻውን የማይሞላው ክፍተት አለ። በ802.11 ድምፅ የሚሰጠው ስብሰባ በመገኘት መብቱን ያገኘ ግለሰብ ነው። በስሪጂፒፒ የሚሳተፉት በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በቻይና፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በሕንድ ባሉ ሰባት አጋር የስታንዳርድ ድርጅቶች በኩል የሚመጡ ኩባንያዎችና ተቋማት ናቸው። የተለያየ አሠራር ያላቸው ሁለት አካላት በደብዳቤ ብቻ ሲነጋገሩ አንዱ የሌላውን ዝምታ ንቀት፣ አጭር መልሱን እንቢታ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። 802.11 በሐምሌ 2019 በቪየና የሞባይሉን ወገን ጋብዞ የአብሮ መኖር ዐውደ ጥናት ማዘጋጀቱ ስለዚህ ትክክል ነበር፤ በተለይ 6 ጊጋኸርዝ ገና ሊከፈት በነበረበት ሰዓት፣ ከሁለቱ ወገን አንዱም ቀድሞ ባልሰፈረበት ክልል ላይ ለመነጋገር የተሻለ ጊዜ አልነበረም። የአሜሪካው ኮሚሽን በሚያዝያ 2020 በዚህ ክልል 1,200 ሜጋኸርዝ ያለ ፈቃድ እንዲሠራበት ወሰነ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር በአንደኛው ቀጠና ውስጥ ናት። በ2023 በዱባይ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ በዚህ ቀጠና ከ6,425 እስከ 7,125 ሜጋኸርዝ ያለውን ለሞባይል አገልግሎት ሲለይ፣ ያው ክልል ለዋይፋይ ዓይነት ኔትወርክም እንደሚያገለግል በዚያው ውሳኔ የግርጌ ማስታወሻ ላይ አስፍሯል። አንድ ክልል፣ ሁለት ወራሾች፤ የሚካፈሉበት ዝርዝር ግን ገና የሚሠራ ነው። ከሰባቱ የስሪጂፒፒ አጋር ድርጅቶች አንድም አፍሪካዊ ስለሌለ፣ ዝርዝሩ በሌሎች አዳራሽ ተጽፎ ወደ እኛ የሚመጣ ይሆናል። ይህ ማለት አቅመ ቢስ ነን ማለት አይደለም። ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ዓይነቱን የሚያጸድቅ ባለሥልጣን፣ ኔትወርክ የሚገዛ ዩኒቨርሲቲ፣ ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ከፍጥነቱና ከዋጋው ጋር ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል፦ ይህ ስታንዳርድ በዚያው ሞገድ ላይ ያለውን ሌላውን ኮሚቴ መቼ ጠየቀ? የተመለሰለት ምን ነበር? አብሮ መኖሩስ በማን መለኪያ ተፈተነ? ገዢዎች ደጋግመው ሲጠይቁ ሻጮች መልሱን ከኮሚቴዎቹ ይፈልጋሉ፤ ኮሚቴዎቹም መልሱ እንደሚፈለግ ካወቁ ስታንዳርዱ ሳይጸድቅ ያዘጋጁታል።